የጉልቤጊም የጡት ልጅ

ሁሉም ተኝተዋል፤ እዚህ አገር እንቅልፍ በትእዛዝ የሚመጣ ይመስል፣ ምሳ ተበልቶ የሩዝ ሾርባው ሳህን ሳይደርቅ መብራቱ ይጠፋል፣ መጋረጃው ይሳባል፣ ከየጠረጴዛው ሥር የሚተጣጠፍ አልጋ ይወጣል፣ ከዚያ የምርምር ክፍሉ በሙሉ፣ ከመምህርት ሉኦ ጀምሮ እስከ አዲሱ ተማሪ ድረስ፣ ጫማውን አውልቆ በጠራራ ፀሐይ እንደ ሕፃን ይተኛል፣ ሶሂባ ብቻ ዓይኗን አፍጥጣ ጣሪያ ትቆጥራለች። ቻይና፣ ኩንሚንግ ከተማ ከገባች ወዲህ ሌላውን ሁሉ ለምዳለች፤ የሚያቃጥለውን ወጥ፣ የማያባራውን ካፊያ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቷን እያየ «ሰው አልተገኘም» እያለ በር የሚከለክላትን ማሽን እንኳ ለምዳለች፣ ጥበቃው እየሳቀ በእጁ ይከፍትላታል። የቀን እንቅልፍ ግን እንቢ አላት። በእነሱ አገር፣ በፓሚር ተራሮች፣ ቀን የሚተኛ ወይ የታመመ ነው ወይ የሞተ፤ እናቷ ጉልቤጊም ፀሐይ እያለ ጎኗን አሳርፋ አታውቅም፣ አባቷ የሞተ ቀን እንኳ ለቀስተኛውን እያስተናገደች ላሟን ስታልብ ነው የዋለችው ብለዋታል፣ ብለዋታል ነው እንግዲህ፣ ሶሂባ አልነበረችም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ አልታደሰም ነበርና ብትወጣ መመለስ አትችልም ነበር፣ ወረቀት እየጠበቀች አባቷ ተቀበረ።

ስልኩ ሆዷ ላይ ነው። ከምሳ በፊት የመጣላትን የድምፅ መልእክት ደጋግማ ሰምታዋለች፣ አሁንም ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ትከታለች፣ የወንድሟ ሚስት ዙልፊያ እያንሾካሾከች ናት፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። «እትዬ ሶሂባ፣ እኔ ነገረችኝ እንዳትዪ ብቻ፣ እናታችን ማርጆንን ልትሸጣት ነው። አዎ፣ ላሟን። አምና በበረዶው ወራት ድርቆሽ ከየቤቱ ለምና ነው ያቆየቻት፣ አንቺ እንዳትሰሚ አፋችንን አዘግታን። ዘንድሮ ማንም አይሰጣትም፣ ያ የጡት ልጅሽ ይመግብሻ እያሉ ይስቁባታል። ነጋዴው ዛሬ ከላይኛው መንደር ሲመለስ ይዟት ይወርዳል። ልጨድልሽ ብላት ማጭዱን ነጥቃኝ ቀበቶዋ ላይ ሻጠችው፣ ከእኔ ጋር ነው የሚውለው አለች። በቃ፣ ነገርኩሽ። ድምፄን አጥፊው።» ሶሂባ ግን አታጠፋውም፣ መልሳ ትሰማዋለች፣ የጡት ልጅሽ የሚለው ላይ ስትደርስ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ምክንያቱም ያንን የጡት ልጅ እናቷ ጭን ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት፣ በስልክ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

የጡት ልጁን ሣር ይሉታል፣ ሣር ግን አይደለም። ናና፣ ጦስኝ፣ በሶብላ ከሚቆጠሩበት ከዚያ ሰፊ ቤተ ዘመድ ነው፣ ቢያንስ ይመስላል፤ ግንዱን በጣት ቢዳብሱት እንደ ወገኖቹ አራት ማዕዘን ነው፣ አበባውም ከንፈር አለው፣ ቅጠሉ ግን እንደነሱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት አይወጣም፣ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ ቢያሹት ቢያሹት ደግሞ ሽታ የለውም፣ ውሃ ውሃ ይላል። ከናና ወገን ሽታ የሌለው! የድሮ ሊቃውንት አንዱ ከዚህ ጎራ ሌላው ከዚያ ጎራ መድበውት አልፈዋል፣ ሦስተኛው «አጠራጣሪ» ብሎ ጽፎ ብዕሩን አስቀምጧል። የሚበቅለውም አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከመስኖው ቦይ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ የጉልቤጊም ድርቆሽ የሚታጨድበት፣ ለአንዲት ላም የበረዶ ወራት በልኩ የሚበቃው ቁልቁለት። ሶሂባ የአባቷን መቃብር ልታይ የሄደች ጊዜ ነው ቅጠሉን የለቀመችው፣ እዚያው ተንበርክካ በሻይ ወረቀት እየጠቀለለች፣ እርጥበት በሚመጥጥ ነጭ የኬሚካል ፍሬ እየቀበረች፣ እናቷ በላይዋ ቆማ ታያታለች።

«ለሻይ ነው?»

«ለምስክር ነው እማዬ። ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ከማን እንደተወለደ ይመሰክራል።»

«በማን ላይ?»

ሳቁ፤ እናቷ ስትስቅ አፏን በሻሿ ትሸፍናለች፣ የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ፣ ሶሂባ ያንን ጥርስ ላስተክልልሽ ብላ ቃል የገባችው መቼ ነበር።

የመጀመሪያው ውጤት አምና የመጣ ዕለት ምን ያህል እንደተደሰተች አሁን ልታስበው አትፈልግም። የመረመሩት ከቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል የወጣውን ዲኤንኤ ነበር፣ ከእናት ብቻ የሚወረሰውን፤ ኮምፒውተሩ የዘር ሐረጉን ዛፍ አድርጎ ሣለው፣ ናናው ከናናው፣ ጦስኙ ከጦስኙ ጋር በየቅርንጫፉ ተሰብስቧል፣ የእናቷ ሣር ብቻ ከግርጌ ተነስቶ ረጅም መስመር ይዞ ብቻውን ይሄዳል፣ ከማንም ሳይነካካ። አዲስ ወገን! ዪንግ፣ አብራት የምትሠራው ልጅ፣ ትከሻዋን ይዛ አስጨፈረቻት፣ መምህርት ሉኦ መነጽሯን አውልቃ ወልውላ እንደገና አየች። ሶሂባ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች። «እማዬ፣ ያንቺ ሣር በዓለም ላይ ዘመድ የለውም!» «ማንም?» አለች እናቷ። «ማንም። ብቻውን ነው።» የምሥራች ብላ ነው የነገረቻት። በእነሱ ሸለቆ ግን ዘመድ የለውም ማለት የምሥራች ሆኖ አያውቅም፤ ዘመድ የሌለው ሰው መንደር ከገባ አንዱ ቤት ወተት ያጠጣዋል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት የጡት ልጅ ነው፣ ማንም እጁን አያነሳበትም፣ ያጠባው ቤት ደግሞ ከሁሉ በላይ። ሶሂባ ይህን ታውቃለች፣ የራሷ ቅድመ አያት ከወንዙ ማዶ በረሃብ ዘመን ተሻግሮ በዚሁ መንገድ ነው ሰው የሆነው፤ ግን ማን ለሣር ያደርገዋል ብሎ ይጠረጥራል? በማግስቱ ጉልቤጊም ማርጆንን አልባ የመጀመሪያውን ወተት ይዛ ወጣች፣ እየጎነበሰች በየአንዳንዱ ሥር ጠብ ጠብ አደረገች። ዙልፊያ እየተንከተከተች ነው የነገረቻት፤ መንደሩ ሁሉ ሲስቅ እናታችን የሃይማኖት አባቱ ጋ ሄዳ ጠየቀች፣ ከሣር ጋር የጡት ልጅነት ይፀናል ወይ ብላ፣ እሳቸውም ጢማቸውን እያሻሹ «ሣሩ ካልተቃወመ እኔ ምን አገባኝ» አሏት። ሶሂባም ሳቀች። ምሳ ላይ ለዪንግ አጫወተቻት፣ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፣ መምህርት ሉኦ ጽሑፉ ሲወጣ እናትሽን እናመሰግናለን አለች፣ እና ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ሲስቅ፣ አንድም ሰው፣ እሷም፣ የጡት ልጅ በማጭድ አይታጨድም ብሎ አላሰበም። ቁልቁለቱ በሙሉ የጡት ልጅ ነው። እግር ማስቀመጫ የለውም።

ከዚያ ሁለተኛው ውጤት መጣ፣ ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው የኒውክለስ ዲኤንኤ፣ እና ብቸኛው ሣር በድንገት ዘመድ በዘመድ ሆነ። የሚቆመው ከአንድ ተራ ናና ጋር ነው፤ አጠገቡ እንኳ አይደለም፣ መሃሉ፣ ወንድም ከእህት እንደማይለይ ተደባልቆ። ያ ናና ደግሞ በሸለቆው በየጭቃ ጣሪያው ላይ የሚበቅለው፣ ድመት የምትንከባለልበት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነው። ነገሩ ግልጽ ነበር፣ ግልጽነቱ ነው ያስጠላት፤ በጥንት ዘመን አንዲት እናት ነበረች፣ ወገኗ ዛሬ ከምድር የጠፋ፣ እሷ ከጣሪያው ናና ወለደች፣ ሴት ልጆቿም ከዚያው ወለዱ፣ የልጅ ልጆቿም፣ ትውልድ በትውልድ ላይ የአባት ወገን እየገባ የእናቲቱ ነገር ሁሉ ተሟጠጠ፣ ያ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ አረንጓዴ ቅንጣት፣ ምናልባትም ያ የተኳረፈ ቅጠል፣ ብቻ ቀረ። አዲስ ወገን አይደለም። አዲስ ዝርያም አይደለም። መልኩ የተለወጠ የጣሪያ ናና ነው። ሶሂባ አላመነችም፣ ማመን አልፈለገችም፣ ናሙናው ተበክሎ ይሆናል አለች፣ እማዬ ስታቀብለኝ እጇ ላይ የነበረ የናና ቅጠል ገብቶ ይሆናል አለች፣ ደገመችው፣ ያው ሆነ፣ ሠለሰችው። አገር ቤት በረዶው ሳይቀልጥ የታወቀን ነገር ሣሩ ለአጨዳ እስኪደርስ ድረስ ስትደጋግም ከረመች፣ በየሳምንቱ ስትደውል እናቷ «ልጃችን አብቧል» ትላታለች፣ እሷም «እሰይ» ትላለች፣ እሰይ! ስንት ጊዜ ነው እሰይ ያለችው? ደግሞ ድርቆሽ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም፣ እረኛ የነበረች ልጅ፣ በእጇ ያጨደች ልጅ፣ ማርጆን ምን ትበላለች ብላ አልጠየቀችም፤ አልመጣልኝም ብትል ማን ያምናታል፣ መጥቶላታል፣ በጎን በኩል መጥቶላት ዞር ብላለታለች።

ዛሬ ጠዋት መምህርት ሉኦ የቁርስ ሰልፍ ላይ አገኘቻት፣ ሁልጊዜ እንደምትለው «በላሽ?» አለቻት፣ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ።

«ልበላ ነው።»

«ሦስተኛውም ያው ነው አይደል? ዪንግ ነገረችኝ።»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ዘመድ የለውም ያልነው ዘመድ ተገኘለት። ሰው በዚህ ያለቅሳል?»

«አላለቀስኩም።»

«እንግዲያው ሾርባው ነው፣ በርበሬውን ቀንሺ።» ሳህኗን ይዛ ልትሄድ ብላ ተመለሰች፤ «ሁለቱንም ውጤት አብረን እናወጣለን፣ የእናቱንም የአባቱንም። ግማሹን የተናገረ ምስክር ምስክር አይባልም።» ለጽሑፉ ብላ ነው ያለችው፣ ሴትዮዋ ስለ ማርጆን ምን ታውቃለች፣ ግን ሶሂባ ነገሩን ይዛው ሄደች፣ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ ነው የዙልፊያ መልእክት የገባው።

ግማሹን ብትናገርስ? ጋደም እንዳለች ታስባለች። እማዬ፣ ሣሩ ደህና ነው፣ እናቱ አሁንም በዓለም ላይ ዘመድ የላትም ብትል ውሸት አይሆንም፣ ቃል በቃል እውነት ነው፣ እናቷም መንደሩ ፊት አታፍርም። ማርጆን ግን ትሄዳለች። ወይ ሁሉንም ልትናገር ነው፣ እናቷ እንደ ሞኝ ስታጠባ የከረመችው የጣሪያዋን ናና እንደሆነ፣ ልጇም እያወቀች ዝም እንዳለች፤ ያኔ ማጭዱ ከቀበቶው ይወጣል፣ ቁልቁለቱ ይታጨዳል፣ ላሟ ትቀራለች። ምርጫው ይኸው ነው፣ ነጋዴው ገመዱን ሳይፈታ በፊት። ላም የሌላት ጉልቤጊም! ጠዋት ሺርቾይ በምን ልታፈላ ነው፣ ሻዩን በጨውና በቅቤ በወተት ካላፈላች ሰው ሆና የማትነሳ ሴትዮ፣ ከማንስ ጋር ልታወራ ነው፣ ባሏ ሞቶ፣ ወንድ ልጇ ሞስኮ ግንብ እየገነባ፣ ሴት ልጇ እዚህ ጣሪያ እየቆጠረች፣ በዚያ ቤት ከዙልፊያ ሌላ የሚተነፍስ ማርጆን ብቻ ናት። ሶሂባ ተነሳች።

በባዶ እግሯ በአልጋዎቹ መካከል አለፈች፣ ዪንግ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና አፏን ከፍታ ተኝታለች፣ መምህርት ሉኦ ትንሽ ታንኮራፋለች፣ ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ የበጎች ጋጣ ይመስላል፣ መሃሉ ሆነህ ብቻህን የምትሆንበት። ስልክ ሲያወሩ ሰው የማይቀሰቀስበት አንድ ቦታ አለ፣ የደረቁ ተክሎች የሚቀመጡበት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ካርዷን አስነክታ ገባች፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ነው፣ አንድ ሰው አይቷቸው ሳይመልስ የተዋቸው፣ ደረቅ ተክል የተለጠፈባቸው ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። መጀመሪያ ለዙልፊያ ደወለች።

«እትዬ! ነገርሽብኝ እንዳይሆን!»

«ነጋዴው መጣ?»

«መጣ? ሦስተኛ ሳህን ሺርቾዩን እየጠጣ ነው። የማርጆንን ወተት እየጠጣ ማርጆንን ሊወስድ፣ ዓይን ያወጣ። ገመዱ ትከሻው ላይ ነው።»

«አቆዪው።»

«በምን ላቆየው? ላግባው?»

«ቂጣ ጨምሪለት ዙልፊያ፣ በናትሽ። እማዬን አገናኚኝ።»

«እዚህ የለችም። ማርጆን ስትወጣ አላይም ብላ ቁልቁለቱ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። በራሷ ስልክ ደውዪላት፣ በዚያ በባለ ቁልፉ። ግን ቶሎ፣ ሰውዬው ጢሙን እየጠረገ ነው።»

ጠራ፣ ጠራ፣ ሊቋረጥ ሲል ነፋስ ገባ፣ ከነፋሱ ውስጥ እናቷ ወጣች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ሶሂባ? በዚህ ሰዓት? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ማርጆንን አትሽጫት።»

«ያቺ ዙልፊያ! አፏ ወንፊት ነው። የኔ ላም ናት፣ እሸጣለሁ አልሸጥም…»

«እማዬ ስሚኝ። ሣሩ ዘመድ አለው።» እንዲህ ነው የተናገረችው፣ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፍቶባት። «ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ። ያኔ ያየሁት የእናቱን ወገን ብቻ ነበር። የአባቱን አገኘነው።»

«ማነው አባቱ?» አለች ጉልቤጊም፣ ስለ ሰው እንደሚጠየቅ።

«ጣሪያችን ላይ ያለው ናና። ድመቷ የምትንከባለልበት።»

 ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፣ ሶሂባ ለቅሶ መሰላት፣ ሳቅ ነበር። «የኔ ጣሪያ? የአባቱ ዘመዶች ከጣሪያዬ ላይ ሆነው ቁልቁል እያዩኝ ነው እኔ ወተት ተሸክሜ ስንገላታ የከረምኩት? አንድ እንኳ አክስት ነኝ የሚል ይጥፋ!» ሳቀች፣ አሳላት፣ ተረጋጋች። «የእናቱስ ወገን?»

«አልቀዋል። እሷ ከናናው ጋር ተጋብታ ተጋብታ፣ በመጨረሻ ምንም አልቀረላትም።»

«ምስኪን። ሰው ቤት ገብታ ጠፋች።» ከዚያ፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?»

ትናንት ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ ጠዋት ማለትም ይቻል ነበር፣ ሦስተኛው ውጤት ዛሬ ነው የመጣው።

«እዚያ በረዶው ሳይቀልጥ» አለች ሶሂባ።

«ያኔ» አለች እናቷ ቀስ ብላ፣ «የማርጆን ጎድን ይቆጠር ነበር።»

 ብትጮህባት ይሻላት ነበር፣ ብትረግማት፣ ሶሂባ ግንባሯን ቀዝቃዛው ብረት ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች፣ አፈርኩ እማዬ፣ ደስ ብሎሽ ስለነበር፣ በሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ፣ ትላለች፣ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ርካሽ ይመስላታል።

«እኔ ነኝ ደስ ያለኝ?» አለች ጉልቤጊም። «አንቺ ልጅ፣ ያ ሁሉ ትምህርት ምንሽን ነው የከፈተልሽ? ሣር ሣር መሆኑን የማላውቅ መሰለሽ? ዘመድ የለውም፣ ብቻውን ነው ስትዪኝ እኮ እኔ ሣሩን አልሰማሁም፣ ድምፅሽን ነው የሰማሁት። እዚህ ብቻውን ያለውን እኔ ካጠባሁ፣ እዚያ አገር አንዷ እናት የኔን ልጅ ታጠባልኛለች አልኩ። ውለታ መንገድ አይጠፋውም። ሣሩማ ምን አባቱ።»

ሶሂባ ተቀመጠች፣ ወለሉ ላይ። ለካ ዲኤንኤው ምንም አይፈታም። የመጣውን ሁሉ ብታስመሰክር፣ የናናን ዘር በሙሉ ብትቆጥርላት፣ እናቷ የያዘችው ሣሩን አይደለም።

«ታዲያ አሁንስ አታጭጂውም?»

«እሱ ባንቺ ነው። ሰው አለሽ?»

ከታች፣ ከሩቅ፣ በእናቷ ስልክ ውስጥ፣ አንድ ላም ጮኸች። ሰው አለሽ ወይ፣ ቀላል ጥያቄ ናት፣ እውነቱን ልትናገር ነው የደወለችው፣ እስካሁንም እየተናገረች ነው፣ ይህንንም ጨምራ መናገር ነው፤ የለኝም እማዬ፣ በር እንኳ አያውቀኝም፣ የታመምኩ ጊዜ ውሃ ያቀበለኝ የለም፣ በዓል ሲሆን ሁለት ሳህን አቅርቤ በአንዱ እበላለሁ፣ ዪንግ ደግ ናት ግን አመሻሽ ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ ወዴት ትገቢያለሽ ያለኝ የለም፣ ቋንቋውን ለምጄዋለሁ፣ የሚያናግረኝ ነው ያጣሁት፣ እና ይህን ሁሉ ብትል እናቷ እዚያው ቁጭ ትላለች፣ ማጭዱን ቀበቶዋ ላይ እንደሻጠች፣ የሰው አገር ልጇን እየጠበቀች፣ ማርጆን ደግሞ በአቧራማው መንገድ ትወርዳለች።

«አለኝ» አለች።

«ስማቸውን ንገሪኝ። ስም በሌለው ዘመድ አላምንም።»

«መምህርት ሉኦ አለች…»

«እሷ አለቃሽ ናት። አለቃ አይቆጠርም።»

«ዪንግ አለች።»

«ያቺ ሹራብሽን ተውሳ የቀረችው? እሷም አትቆጠር። ሌላ።»

ሌላ። ሶሂባ ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ደረቅ ተክል ዓይኗ ላይ አረፈ፣ በወረቀቱ ጥግ የለቃሚው ስም ተጽፏል፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል።

«ታኦ ሩሁዋ» አለች።

«ሴት ናት?»

«ሴት።»

«ወልዳለች?»

«ሁለት። ሁለቱም ሴቶች።»

«ያሳድግላት። የልጅ ልጅ ያሳያት።»

ታኦ ሩሁዋ ይህን ቅርንጫፍ የቆረጠችው ጉልቤጊም ሳትወለድ ነው። ሶሂባ ወረቀቱን ገለጠች። «ጉ ሺያንዪ። ሽማግሌ ነው። ተራራ መውጣት ይወዳል።»

«በዚህ ዕድሜው? እንዳይወድቅ አምላክ ይጠብቀው። ሌላስ?»

«ቬራ ኮርዙኒና።»

«ሩሲያዊት? እዚያም አሉ እንዴ?»

«የት የሌሉበት አለ እማዬ።»

እናቷ በሻሿ ውስጥ ስትስቅ ሰማቻት። «እሷ ትመግብሽ፣ ሩሲያኖች ሾርባ ይችላሉ። ሲያምሽ ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

«ሁሉም?»

«ክፍሉ አይበቃቸውም» አለች ሶሂባ፣ መደርደሪያውን ሽቅብ እያየች።

«እንግዲያው ተመስገን» አለች ጉልቤጊም፣ ረጅም ተነፈሰች፣ ዓመት ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ። ከዚያ ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ ጮኸች፣ የሶሂባ ጆሮ ደነቆረ፤ «ዙልፊያ! ዙልፊያ ሆይ! ላሟን መልሻት! ሰውዬውን ሸኚው፣ የጠጣው ይበቃዋል በዪው!» ከታች የዙልፊያ እልልታ መጣ፣ የሰውዬው ማጉረምረም መጣ፣ ውሻ መጣ። «ልጄ፣ እኔ ሥራ አለብኝ አሁን፣ ሣሩ ሊያልፍበት ነው። ሂጂ፣ ሰዎችሽን አታስጠብቂያቸው። ሰላም በይልኝ። በጅምላ አይደለም ደግሞ፣ በየስማቸው። አደራ።»

«እሺ እማዬ።»

እናቷ ስልኩን መዝጋት ረስታዋለች፣ ኪሷ ውስጥ ሳትከተው አልቀረችም፣ ጨርቅ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ ማጭዱ ጀመረ፣ ሽው፣ ሽው፣ ሣሩ ሲወድቅ፣ የእናቷ ትንፋሽ፣ ደግሞ ሽው። ሶሂባ አልዘጋችውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ መሰላሉን አምጥታ ወጣች፣ የላይኛውን የተክል ሳጥን በር ከፈተች፣ የመጀመሪያውን ለቃሚ ስም አነበበች።

«እናቴ ሰላም ብላሃለች» አለችው በዝግታ።

ከዚያ ወረቀቱን ገልጣ ወደሚቀጥለው አለፈች።